የ5 ሩፒ ጋዜጣና የወለቀው ጥርሴ

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ማታ ጽፌው ተኛሁ፤ ጠዋት ስነሳ 20 መልስ ተደርድሮ ጠበቀኝ። በሦስተኛው ቀን 40 አለፈ። ግማሹ ቁም ነገር ነው፣ ጥቂቱ ስድብ ነው፣ የተረፈው ስለ ሻይ ነው። ከላይ እስከ ታች ማንበብ የታከታችሁ ሰዎች በውስጥ መስመር ምን ተባለ እያላችሁኝ ስለሆነ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላውጋችሁ። ዓመቶቹም ቀኖቹም በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ የኔን ጥያቄ። ሃይደራባድ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሆስቴላችን በር ላይ ሻይ ሻጩ ጋ ቆሜ በ5 ሩፒ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ገዝቼ አነብ ነበር። ወፍራም ነው፤ እሁድ እሁድማ ትራስ ይሆናል። አንድ ቀን የከተማውን ወሬ በሚይዘው ተጨማሪ ቅጽ ላይ ስለ አንድ የጥርስ ክሊኒክ ግማሽ ገጽ ተጽፎ አየሁ። ሐኪሙ እጁን አጣምሮ እየሳቀ ፎቶ ተነስቷል። እኔን ደግሞ ጥርሴን ያመኝ ነበር። ገጹን ቀድጄ ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ክሊኒኩ ስደርስ ያው ጽሑፍ እንደ ዲግሪ በፍሬም ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ያስገቡልኝ ክዳን ሦስት ሳምንት አልቆየም፤ ሳሞሳ ስበላ ወለቀ። ለክፍል ጓደኛዬ፣ ለአንድ የቴሉጉ ልጅ ስነግረው ከሳቁ ብዛት አስለቀሰው። ገጹን ተቀብሎ ከላይ ጥግ ላይ ያለችውን ጉንዳን የምታክል ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። ገጹ የተከፈለበት ማስታወቂያ ነው ትላለች። እኔ ዜና መስሎኝ ነበር።

ስለዚህ ክሩ ላይ የጻፍኩት እንዲህ ነው። 5 ሩፒ የዚያን ሁሉ ወረቀት ዋጋ አይሸፍንም፤ ቀሪውን የሚከፍል ሌላ ሰው አለ፤ የሚከፍለው ሰው ነው ጋዜጣውን የሚጽፈው፤ በአጭሩ የህንድ ጋዜጦች በሙሉ የተሸጡ ናቸው። እውነት አይደለም የምትሉ ካላችሁ አስረዱኝ አልኩ።

ቁጥር 1 ጨዋ ሰው ነው። ሰላምታውን አስቀደመ፣ ለጥርሴ አዘነ፣ ከዚያ ቀስ አድርጎ ወጋኝ። ህንድ ውስጥ የተመዘገበው ጋዜጣና መጽሔት ከ100 ሺህ በላይ እንደሆነ፣ በሂንዲ፣ በታሚል፣ በማላያላም፣ በቤንጋሊ፣ በማራቲ፣ በኡርዱ እንደሚታተም አስታወሰኝ። አንተ ያነበብከው በአንድ ከተማ አንድ የእንግሊዝኛ ጋዜጣ ነው፤ አንድ ቤት በልቶ የህንድ ምግብ ያቃጥላል እንደማለት ነው አለኝ። ልክ ነው። በሙሉ የምትለውን ቃል ላጠፋት ነበር፤ ግን ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ እሷን ይዞ ስለተነሳ ተውኳት።

ቁጥር 2 ሁሉም አገር ያው ነው ብሎ ሄደ።

ቁጥር 3 ፑኔ ቢዝነስ የተማረች ሴት ናት፤ ጥያቄዬን በቀጥታ የመለሰችው እሷ ናት። ነገሩ በ1990ዎቹ የዋጋ ጦርነት እንደተጀመረ ጻፈች። የታይምስ ኦቭ ኢንዲያ አሳታሚ ቤኔት ኮልማን የጋዜጣውን ዋጋ ሰበረ፤ ተፎካካሪዎቹም ሳይወዱ በግድ ተከተሉ። አንባቢው ተደሰተ። ከባለቤቶቹ አንዱ ቪኒት ጄን በ2012 ለአንድ የአሜሪካ መጽሔት ንግዳችን ጋዜጣ ሳይሆን ማስታወቂያ ነው፣ ገቢህ 90 በመቶው ከማስታወቂያ ከመጣ ሥራህ እሱ ነው የሚል ሐሳብ ምንም ሳያፍር ተናግሯል። ቢያንስ አልዋሸም ብላ ቀለደች። ከዚያ ሁለት ነገር አስረዳች። አንደኛው በ2003 የመጣው ሜዲያኔት የሚባለው አሠራር ነው፤ በመዝናኛና በከተማ ወሬ ገጾች ላይ ስለ ዝግጅትህ ወይም ስለ ዕቃህ እንዲጻፍልህ ትከፍላለህ። ሁለተኛው በ2005 የተጀመረው ፕራይቬት ትሪቲስ ነው። ይሄኛው ረቀቅ ይላል። ኩባንያው ጥሬ ገንዘብ ከሌለው አክሲዮን ይሰጣል፣ በምትኩ የማስታወቂያ ቦታ ያገኛል። ጋዜጣው ባለድርሻ ሆነ ማለት ነው። ታዲያ የዚያ ኩባንያ ፋብሪካ ቢቃጠል ወይም ሂሳቡ ቢጭበረበር የኢኮኖሚ ዘጋቢው በየትኛው እጁ ይጽፋል? የህንድ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ በ2010 ጋዜጦች ስለ አንድ ኩባንያ ሲጽፉ ድርሻ ካላቸው ይናገሩ ብሎ አዘዘ። እሷ እንደምትለው ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ልማዱ ከአንድ ቤት ወደ ሌላው መዛመቱ ነው። (የኔ ጋዜጣ የትኛው እንደነበር አልተናገርኩም፤ አልናገርምም።)

ቁጥር 4 ይሄማ ቀላሉ ነው ብሎ ጀመረ። ስለ ተዋናይትና ስለ ሆቴል ቢዋሽ ማን ይሞታል? በሽታው ያለው ምርጫ ላይ ነው። በ2009 በማሃራሽትራ ግዛት ምርጫ ሰሞን የግዛቱ ዋና ሚኒስትር የነበሩትን አሾክ ቻቫንን የሚያሞግሱ ገጾች በየጋዜጣው ይወጡ ነበር። የዘ ሂንዱ ጋዜጣ ጋዜጠኛው ፒ. ሳይናት ጋዜጦቹን ጎን ለጎን አድርጎ ሲያነብ እርስ በርስ በሚፎካከሩ ጋዜጦች ላይ ቃል በቃል አንድ የሆነ ጽሑፍ አገኘ። ሰውየው ለጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣሁ ብለው ያስመዘገቡት ግን 5,379 ሩፒ ብቻ ነበር። ቁጥር 4 እዚህ ላይ ሦስት የሳቅ ምስል አስቀምጧል። እኔም ስቄያለሁ። አሠራሩንም አብራራ፤ እጩው ከጋዜጣው የንግድ ክፍል ጥቅል ይገዛል፣ ቃለ መጠይቅ ይሄን ያህል፣ የድጋፍ ሰልፍ ዘገባ ይሄን ያህል፣ ተቃዋሚህን ማብጠልጠል ደግሞ ለብቻው ይከፈልበታል። አንባቢ ዜና ነው ብሎ ያነባል፣ የምርጫ ወጪ ተቆጣጣሪም አያየውም። እንደ ማስታወቂያ ቢቆጠር ኖሮ ከወጪ ጣሪያው ያልፍ ነበር።

ቁጥር 5 ይህን አጠናከረ። የህንድ የፕሬስ ምክር ቤት ሁለት ጋዜጠኞችን፣ ፓራንጆይ ጉሃ ታኩርታንና ስሪኒቫስ ሬዲን፣ ጉዳዩን እንዲመረምሩ ሾመ። 71 ገጽ ጻፉ፣ ጋዜጦቹንም በስም ጠሩ። ምክር ቤቱ በ2010 ያወጣው ግን አጭሩን ነው፤ ስም የተጠራበት ሙሉው ሪፖርት ይፋ የሆነው በ2011 በመረጃ ነጻነት ሕግ ተጠይቆ ነው። ምክር ቤቱ ውስጥ የጋዜጣ ባለቤቶችም ይቀመጣሉ፤ ቀሪውን ራሳችሁ ገምቱ አለ። ደግሞም ምክር ቤቱ ቢያጠፉ መገሠጽና ማስጠንቀቅ ብቻ ነው የሚችለው፤ መቅጣት አይችልም። እንደ ክሩ ባለቤት ጥርስ የለውም ብሎ ጨረሰ። ይህቺ መልስ ከሁሉም በላይ ላይክ አግኝታለች። ይገርማል።

ቁጥር 6 ተቆጥቶ ነው የመጣው። የሰው አገር ተምራችሁ፣ ሩዛቸውን በልታችሁ፣ ተመልሳችሁ ታሟቸዋላችሁ አለ። ህንድ ቢያንስ ሳይናትን የመሰለ ሰው አላት፣ የተሸጠውን ያጋለጠው ማን ሆነና ነው፣ ያው የህንድ ጋዜጣ አይደለም ወይ አለ። ቁጣውን ትቼ ነገሩን ሳየው ከኔ ጥያቄ ይልቅ እሱ የተሻለ ነገር ተናግሯል። ያን ጊዜ ግን ተናድጄ ስለነበር ሩዙን በገንዘቤ ነው የበላሁት ብዬ መለስኩለት። ቁጥር 8 ያ ነው። አታንብቡት።

በመሀል ቁጥር 7 ላይ አንድ ትልቅ ሰው ገቡ። በ1975 ዴልሂ ተማሪ ነበሩ። እሳቸው ሲጽፉ ጠብ ቆመ፤ ሰው ሁሉ ጋሼ ማለት ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኢንዲራ ጋንዲ አስቸኳይ ጊዜ ያወጀችው ሰኔ 25 ሌሊት ነው። በዚያው ሌሊት ጋዜጦቹ የሚታተሙበት የባሃዱር ሻህ ዛፋር ማርግ መንገድ መብራት ጠፋ። በማግስቱ ጠዋት ብዙ ጋዜጣ አልወጣም። ከዚያ ሳንሱር መጣ። ጋሼ ሰኔ 28 ቀን ኢንዲያን ኤክስፕረስ ገዝተው ሲገልጡ የርእሰ አንቀጹ ቦታ ባዶ ነው። ነጭ። የማተሚያ ስህተት መስሏቸው ለሻጩ ሊመልሱት ሄዱ። ሻጩ ሳቀባቸው። ዛሬ እውነት ያለበት ቦታ እሱ ብቻ ነው የሚል ነገር በሂንዲ ነገራቸው፤ ጋሼ ሂንዲውን በወጉ የለመዱት በኋላ ስለሆነ ትርጉሙም በኋላ ነው የገባቸው። በዚያው ሰሞን ደግሞ ቦምቤይ ላይ አንድ ሰው በታይምስ ኦቭ ኢንዲያ የሐዘን ማስታወቂያ አምድ ላይ ዲሞክራሲን እንደ ሰው ስም አስመስሎ፣ የእውነት ባል፣ የነጻነት አባት፣ የእምነት፣ የተስፋና የፍትሕ ወንድም ሰኔ 26 አረፈ ብሎ አሳተመ። ሳንሱሩ ለቅሶ መስሎት አሳለፈው። ግን ጋሼ ይህን የሚያወሩት ጋዜጦቹን ለማሞገስ አይደለም። ባዶ ቦታ የተዉት ጥቂት ናቸው፤ ብዙዎቹ አጎነበሱ። በኋላ ሚኒስትር የሆነው አድቫኒ ጋዜጠኞቹን እናንተ ጎንበስ በሉ ስትባሉ በደረታችሁ ተሳባችሁ ያላቸው ለዚህ ነው።

ከጋሼ በኋላ ክሩ ጥቂት ረጋ ብሎ ነበር። ቁጥር 9 አላስቀመጠችውም።

ቁጥር 9 ሁላችሁም ስለ ገንዘብ ታወራላችሁ፤ ዴስኩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ የጠየቀ የለም አለች። ዴልሂ ማስተርሷን የሠራችው በዚሁ ጉዳይ ዙሪያ ነው፤ በቃል የምትወጣው ይመስላል። በ1996 አንድ የውጭ አገር ዘጋቢ ጋዜጠኛውን ቢ.ኤን. ኡኒያልን አንድ ዳሊት፣ ማለት በህንድ የዘር ደረጃ፣ በካስት፣ ከሁሉም በታች ከሚደረገው ወገን የሆነ፣ ጋዜጠኛ አገናኘኝ ይለዋል። ኡኒያል ዘመኑን በሙሉ በሙያው የኖረ ሰው ነው፤ ሲያስበው አንድም አላገኘም። ፈለገ፣ አጣ። ማጣቱንም ጻፈው። በ2006 ደግሞ ዴልሂ በሚገኙ 37 የሂንዲና የእንግሊዝኛ መገናኛ ብዙኃን ውስጥ ውሳኔ የሚሰጡ 315 ሰዎች ሲቆጠሩ አንድም ዳሊት፣ አንድም አዲቫሲ፣ ማለት የነባር ጎሳ ተወላጅ፣ አልነበረም። በ2019 የእርዳታ ድርጅቱ ኦክስፋም ኢንዲያና የዜና ድረ ገጹ ኒውስሎንድሪ ሲቆጥሩ ከ121 የአመራር ወንበር 106ቱ በላይኛው ካስት የተያዘ ነው። እንግዲህ የዳሊት ሴት ልጅ መንደር ውስጥ ስትጠቃ ያ ዜና ገጽ አንድ ይግባ ወይስ ገጽ ዘጠኝ ብሎ የሚወስነው ማን ነው? ከዚህ ላይ ወደ ኋላ ሄደች። የዳሊቶች መሪ አምቤድካር ጥር 31 ቀን 1920 ሙክናያክ የተባለውን ጋዜጣ ሲጀምር፣ ስሙ የድምፅ አልባዎች መሪ ማለት ነው፣ የነጻነት ታጋዩ የቲላክ ኬሳሪ ጋዜጣ ተከፍሎትም እንኳ ማስታወቂያውን አላወጣም። አያችሁ፣ እዚህ ጋ ገንዘብ አልሠራም አለች፤ የክሩ ባለቤት ቲዎሪ እዚህ ላይ ወለቀ። ደግሞ ጥርስ።

እውነቷን ነው። እኔ ሃይደራባድ እያለሁ እሁድ እሁድ የጋብቻ ማስታወቂያውን እየሳቅኩ አነብ ነበር። ሙሽራ ፈላጊው በካስት ተደርድሮ፣ እንደ ስልክ ማውጫ፣ ብራህሚን እዚህ፣ አጋርዋል እዚያ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳነበው አምዱን በዚያ ቅደም ተከተል የደረደረው የጋዜጣው ሠራተኛ መሆኑ አልመጣልኝም።

ቁጥር 10 ካስት ከርዕሱ ውጭ ነው አላት። ቁጥር 11 ከርዕሱ ውጭ የሆንከው አንተ ነህ አለው። ቁጥር 12 ጠፍቷል፤ አስተዳዳሪው ነው ያጠፋው፤ እኔ አንብቤዋለሁ፣ ባላነበብኩት ይሻል ነበር።

ቁጥር 13 የኬረላ፣ የደቡብ ህንዷ ግዛት፣ ሰዎች አብረውት ይሠሩ የነበረ ወንድማችን ነው። የናምቢ ናራያናንን ታሪክ አመጣ። ይህ ሰው በህንድ የሕዋ ምርምር ድርጅት የሮኬት ሞተር ሳይንቲስት ነበር። በ1994 የሮኬት ምስጢር ለፓኪስታን ሸጠሃል ተብሎ ታሰረ፤ 50 ቀን እስር ቤት ቆየ። ሁለት የማልዲቭስ ሴቶችም በጉዳዩ ታስረው ስለነበር የማላያላም ጋዜጦች ስለላውን ከአልጋ ወሬ ጋር አደባልቀው ቀን በቀን ይዘውት ወጡ። ፖሊስ ያቀበላቸውን ወሬ ሳያላምጡ ዋጡት። ሰፈሩ ሰላይ እያለ ሰደበው። በ1996 የፌዴራሉ መርማሪ ቢሮ ክሱ መሠረት የለውም አለ። በ2018 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 5 ሚሊዮን ሩፒ እንዲካስ ወሰነ፤ ከፋዩ የኬረላ መንግሥት ነው። 24 ዓመት። ቁጥር 13 የጠየቃት ጥያቄ እስካሁን አልወጣችልኝም። እዚህ ውስጥ ማስታወቂያ የለም፣ ጉቦ የለም፣ ለዘጋቢው የከፈለ የለም። ውሸቱን የጻፈው በነጻ ነው። ሌላው እንዳይቀድመው ብቻ።

ቁጥር 14 ባጭሩ ስለ ማረሚያ አምድ ተናገረ። ዘ ሂንዱ በ2006 የአንባቢዎች አዘጋጅ ሾሟል፤ ሥራው አንባቢ ሲያጉረመርም ሰምቶ የጋዜጣውን ስህተት ለይቶ በዚያው በጋዜጣው ላይ ማረም ነው። በየቀኑ የሰው ስም ተሳሳትን፣ ቁጥር ተዛባ እያሉ ያትማሉ። ሌሎቹ ለምን አይከተሉትም ብሎ ጠየቀ። ማንም አልመለሰለትም፤ ምክንያቱም ወዲያው ቁጥር 15 መጣ።

ቁጥር 15 ነው የኔን ሙግት የሰበረው። በኮቪድ ጊዜ አህመዳባድ ነበር። በሚያዝያ 2021 መንግሥት የሚናገረው የሟች ቁጥርና ከመስኮቱ የሚያየው የአምቡላንስ ቁጥር አልገጥም አለው። ሳንዴሽ የሚባለው የጉጅራቲ ጋዜጣ ዘጋቢዎቹን አንድ የመንግሥት ሆስፒታል የሬሳ ክፍል በር ላይ አቆማቸው። 17 ሰዓት ቆመው የሚወጣውን አስከሬን ቆጠሩ። ከ60 በላይ ሆነ። በማግስቱ የመንግሥት መግለጫ ለከተማው በሙሉ 20 አለ። ሌሎች ዘጋቢዎች አስከሬን ማቃጠያ ቦታዎችን እየዞሩ ሌሊቱን ሙሉ ቆጠሩ። ቀጥሎ ዲቪያ ብሃስካር የተባለው የጉጅራቲ ጋዜጣ ሌላ መንገድ አገኘ። ከማርች 1 እስከ ሜይ 10 ድረስ በጉጅራት የተሰጠውን የሞት ምስክር ወረቀት ደመረ፤ 123 ሺህ። ባለፈው ዓመት በዚያው ጊዜ 58 ሺህ ነበር። በኮቪድ ሞቱ ተብሎ በይፋ የተነገረው 4,218 ነው። ይህን የሠሩት አንተ የማታነባቸው ጋዜጦች ናቸው አለኝ፤ በጉጅራቲ፣ በጥቂት ሩፒ፣ ያው በማስታወቂያ የሚኖሩ። አከራዩ የነበሩት ሴትዮ ጋዜጣውን ጮክ ብለው ሲያነቡለት እያለቀሱ እንደነበርም ጻፈ። በሐምሌ ወር የዲቪያ ብሃስካር እናት ድርጅት በሆነው በዳይኒክ ብሃስካር ቢሮዎች ላይ የግብር መሥሪያ ቤት ፍተሻ ወረደ። መንግሥት የግብር ጉዳይ ነው አለ። እነሱ በዘገባችን ምክንያት ነው አሉ።

እዚህ ላይ ክሩ የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። ሰው ሁሉ እጁን አነሳ።

ቁጥር 16 ግን ቀዝቃዛ ውሃ ቸለሰበት። ዳይኒክ ብሃስካርን ጻድቅ ከማድረጋችሁ በፊት 2018ን አስታውሱ አለ። ኮብራፖስት የተባለው ድረ ገጽ አንድ ጋዜጠኛ የሃይማኖት ሰው አስመስሎ ወደ መገናኛ ብዙኃን ላከ። የሂንዱ ብሔርተኛ ቅስቀሳ ዜና አስመስላችሁ አውጡልኝ፣ ተቃዋሚዎችን አሳጡልኝ፣ ብዙ ገንዘብ እከፍላለሁ ይላል። በድብቅ ካሜራ ይቀርጻል። ከትልልቆቹ ብዙዎቹ ለመነጋገር ተቀመጡ። ኮብራፖስት አይሆንም ብለው መለሱን ያላቸው ሁለት ናቸው፤ የቤንጋሊው ባርታማንና የትሪፑራው ዳይኒክ ሳምባድ። የዳይኒክ ብሃስካር ቡድን ደግሞ ስለሱ የተቀረጸው እንዳይወጣ ከዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እግድ አወጣ። የተከሰሱት ብዙዎቹ ቪዲዮው ተቆራርጧል፣ ውል አልተፈረመም ብለው አስተባብለዋል፤ ቁጥር 16 ይህንንም ሳይደብቅ ጽፏል፣ አመሰግነዋለሁ። ቁጥር 15 ተመልሶ መጥቶ የ2018ቱ ሰዎች የንግድ ክፍል ናቸው፣ የ2021ዱ ዘጋቢዎች ናቸው፣ አንድ ቤት ሁለት በር አለው አለ። ቁጥር 16 የቤቱ ባለቤት ግን አንድ ነው አለው። ሁለቱ እንዲህ እያሉ እስከ ቁጥር 22 ሄዱ። እኔ ከቁጥር 15 ጋር ነኝ፤ ግን ቁጥር 16 አልተሸነፈም።

ቁጥር 23 ቁጥር 4ን አረመ። አሾክ ቻቫን ክሱን አልተቀበሉም፤ የምርጫ ኮሚሽኑ ማስጠንቀቂያም በ2014 በዴልሂ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ተሰርዟል፤ ስለ ጋዜጣ ሚዛን እያወራን ግማሹን ታሪክ መተው ደስ አይልም አለ። በተከፈለበት ዜና ወንበሯን ያጣች ሰው ከፈለጋችሁ ግን አንዲት አለች አለ፤ የኡታር ፕራዴሽ ምክር ቤት አባል የነበረችው ኡምሌሽ ያዳቭ በጥቅምት 2011 ለሦስት ዓመት ታግዳለች። በወጪዋ ውስጥ ያልገባው የጋዜጣ ክፍያ 21,250 ሩፒ ነበር። ቁጥር 4 ይቅርታ ጠየቀ። በዚህ መድረክ ይቅርታ ሲጠየቅ ያየሁት ሁለተኛ ጊዜ ነው።

ቁጥር 24 ስለ ጥርሴ አዲስ ማስረጃ አመጣ። ጉንዳን የምታክለዋን ጽሑፍ የማያያት እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ። ጥር 24 ቀን 2025 ኬረላ ውስጥ ብዙ ጋዜጦች የመጀመሪያ ገጻቸው በሙሉ የ2050 ጋዜጣ መስሎ ወጣ፤ የወረቀት ገንዘብ ቀርቶ ሁሉም በዲጂታል ሩፒ ይሆናል የሚል ትልቅ አርእስት አለው። የአንድ ዩኒቨርሲቲ ጉባኤ ማስታወቂያ ነው። ማስታወቂያ መሆኑ ተጽፏል፤ ማን ያነበዋል? ኮቺ ያለ የቀድሞ የመኝታ ክፍል ጓደኛው ደውሎ እናቴ ትራሷ ውስጥ ያስቀመጠችውን ብር ልትመነዝር ባንክ ልትሄድ ነው አለው። በ2016 አንድ ምሽት የ500ና የ1000 ሩፒ ኖት ተሽሯል ተብሎ ያደረ ሕዝብ ነው፤ በዚህ አይቀለድበትም። አንድ የቴሌቪዥን አንባቢ እንኳ እውነት መስሎት በአየር ላይ አንብቦታል። የፕሬስ ምክር ቤቱ ለጋዜጦቹ አስረዱ ብሎ ደብዳቤ ጻፈ።

ደብዳቤ! አለ ቁጥር 5 ተመልሶ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ ሄደ። ቁጥር 26 የሃይደራባድ የኢራን ሻይ ከሙምባይ ቻይ ይበልጣል አለ፤ ለምን እንዳለው አላውቅም። አምስት ሰው መለሰለት። ቁጥር 32 ሳሞሳ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲሸጥ የሳምንት በፊት ዜና በዘይት ውስጥ ታነብ ነበር አለች፤ የህንድ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ቀለሙ ጤና ይጎዳል ብሎ በ2016 መጨረሻ አስጠንቅቋል። ቁጥር 33 ጋዜጣ ጤና ሲጎዳ ይህ የመጀመሪያው አይደለም አለ።

ቁጥር 35 ራዲዋላን አነሳ። ራዲዋላ የነሱ ቆራሌው ነው። በሳምንት አንዴ ሚዛኑን ይዞ ይመጣል፣ ያከማቸኸውን ጋዜጣ በኪሎ ይገዛሃል። ቁጥር 35 ቁጭ ብሎ አስልቶ ነበር፤ በወር ለጋዜጣ ከሚከፍለው ውስጥ ደህና ድርሻውን ራዲዋላው ይመልስለታል። ቁጥር 3፣ የፑኔዋ፣ ይሄው አንባቢ ለጋዜጣው ከኪሱ የሚያወጣው እውነተኛ ዋጋ ይህን ያህል ብቻ ነው ብላ ተመለሰች። የእሁዱ ወፍራም ቅጽ በራዲዋላው ሚዛን ላይ ከርእሰ አንቀጹ ይበልጣል። ቁጥር 37 አራት ኪሎ ጋዜጣ በሰዓት ተከራይተን ስናነብ እኮ ለዜናው ብቻ ነበር የምንከፍለው አለ፤ ከኪራዩ ጊዜ በላይ ከቆየህ ሻጩ መጥቶ ራስህ ላይ ይቆማል። ቁጥር 6 ደግሞ፣ ያ የተቆጣው፣ ታርቆ መጣ፤ የሳይናትን የገጠር ዘገባዎች ልኮልኛል፣ እያነበብኩ ነው። የሩዙን ነገር እኔም ይቅር በለኝ ብዬዋለሁ።

ቁጥር 40 ክሊኒኩን በስም ጥራው፣ ሌላ ሰው እንዳይሄድ አለኝ። አልጠራሁም። ክዳኑን በኋላ አዲስ አበባ አስገብቼዋለሁ፤ እስካሁን አለ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት መልሶች የጻፉት ጋሼ ናቸው። ቁጥር 9 ያንን ባዶ ርእሰ አንቀጽ ፎቶ አንስተው ያሳዩን ብላ ለምናቸው ነበር። መጀመሪያ ላይ ፈልጌ እመለሳለሁ አሉ። በሁለተኛው ቀን ተመለሱ። ዴልሂን ለቀው ወደ አገር ቤት ሲመለሱ ሻንጣ ከበዳቸው፤ አልጋቸው ሥር የተከመረውን የሁለት ዓመት ጋዜጣ ለራዲዋላ ሸጡት። ያቺ የሰኔ 28 እትም እዚያው መሀል ነበረች። በኪሎ ስንት እንደተከፈላቸው አያስታውሱም፤ ሰውየው ሚዛኑን በእግሩ ደገፍ ሳያደርጋት አልቀረም ይላሉ።